የተራራ ስም የያዙት 34 ባቡሮች፦ የምሥራቅ አፍሪካው 59 ክላስ

ሐዲድ ወዳጅ

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ስለ ለገሃርና ስለ ድሬዳዋ ብዙ ተብሏል። ዛሬ ወደ ጎረቤት ኬንያ ልውሰዳችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ላወራ የፈለግኩት 59 ክላስ ስለሚባሉት የእንፋሎት ባቡሮች ነው። 34 ነበሩ። በ1955 እና በ1956 ነው ሥራ የጀመሩት። የሠራቸው ማንችስተር ከተማ፣ ጎርተን የሚባለው ሰፈር የነበረው ቤየር ፒኮክ ፋብሪካ ነው። ቁጥራቸው ከ5901 እስከ 5934 ይሄዳል። አንዱ ባቡር፣ የሚጎትታቸውን ፉርጎዎች ሳይጨምር፣ ከ250 ቶን በላይ ይመዝናል። ርዝመቱ ወደ 32 ሜትር ይጠጋል። ያ ሁሉ ብረት የሚሄደው ታዲያ አንድ ሜትር ብቻ ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ነው። የድሮው የጅቡቲ ባቡራችን ሐዲድም ስፋቱ ያው አንድ ሜትር ነበር። በዓለም ላይ እንዲህ ባለ ጠባብ ሐዲድ ላይ ከሮጡ የእንፋሎት ባቡሮች ሁሉ ትልቁም፣ ከባዱም፣ ጉልበተኛውም ይሄ ነው።

ለምን አስፈለገ? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሞምባሳ ወደብ በዕቃ ተጨናንቆ ነበር። የኡጋንዳ ጥጥና ቡና ይወጣል፣ ማሽንና ነዳጅ ይገባል። መንገዱ ነጠላ ሐዲድ ነው። ባቡር ከባቡር የሚተላለፈው ጣቢያ ላይ ብቻ ስለሆነ የፈለጉትን ያህል ባቡር መጨመር አይቻልም። ያለው አማራጭ አንዱ ባቡር ብዙ እንዲጭን ማድረግ ነው። ከሞምባሳ ናይሮቢ ደግሞ 530 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ ወደ 1,700 ሜትር ይወጣል። 59 ክላስ በዚያ ዳገት ላይ 1,200 ቶን ይስብ ነበር።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ስማቸው ነው። ሁሉም ሰው "የቅኝ ግዛት ባቡሮች" ብሎ ያልፋቸዋል። እስቲ አስሉት። የመጀመሪያው ሐዲድ ላይ የወጣው በ1955 ነው። ኬንያ ነፃ የወጣችው በታኅሣሥ 1963 ነው። የመጨረሻዎቹ ከሥራ የተሰናበቱት በ1980 አካባቢ ነው። ስለዚህ ከዕድሜያቸው ሁለት እጅ የሚሆነውን የሠሩት ነፃ ለወጣ አገር ነው። ያዘዛቸው የቅኝ ግዛት አስተዳደር ነው፣ አልክድም። ያኖራቸው ግን የአገሬው ሰው ነው። ይህ ታሪካቸው ተረስቷል ባይ ነኝ።

ሚኪ ካዛንቺስ

ዋው፣ ይሄን አላውቅም ነበር። አንድ ጥያቄ አለኝ። 32 ሜትር የሚረዝም ግትር ብረት ኩርባ ላይ እንዴት ይታጠፋል? ሐዲዱንስ አይሰብረውም?

ቦይለር ሠሪ

ሚኪ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ምስጢሩ ጋራት የሚባለው አሠራር ነው። ኸርበርት ጋራት የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው ሐሳቡን ያመጣው። የመጀመሪያው ጋራት በ1909 ለታዝማኒያ ተሠራ። የሠራውም ያው ቤየር ፒኮክ ነው።

በተለመደው የእንፋሎት ባቡር ቦይለሩ በቀጥታ ከጎማዎቹ በላይ ይቀመጣል። እሳቱ የሚነድበት ሳጥን ደግሞ ቦታ የሚያገኘው ጎማዎቹ ከተዉለት ነው። ሐዲዱ ጠባብ ከሆነ ሁሉም ነገር አብሮ ይጠባል። ጋራት ቦይለሩን ከጎማዎቹ ላይ አነሳውና ለብቻው መሀል ላይ እንደ ድልድይ አንጠለጠለው። ከፊትና ከኋላ ሁለት ሞተሮች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ሲሊንደርና የራሱ ጎማ አለው። የቦይለሩ ተሸካሚ በሁለቱ ላይ በምሰሶ ተቀምጦ ይዞራል። ኩርባ ሲመጣ የፊተኛው ለብቻው፣ የኋለኛውም ለብቻው ይታጠፋል። ውሃውና ነዳጁ የሚጫነው በነዚሁ ሞተሮች ላይ ነው።

ከቦይለሩ ሥር ጎማ ስለሌለ የፈለጉትን ያህል ማወፈር ይቻላል። የ59 ክላስ ቦይለር ስፋቱ 2 ሜትር ከ29 ነው። ከሐዲዱ ስፋት ከሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው! በሌላ አሠራር ይሄ ፈጽሞ አይታሰብም።

ሐዲዱን ስለመስበር ላልከው፣ ክብደቱ በ14 አክሰል (ጎማዎቹን በጥንድ የሚያገናኘው ብረት) ላይ ይከፋፈላል። ከነዚህ 8ቱ የሚስቡ ናቸው። በአንድ የሚስብ አክሰል ላይ 21 ቶን ያርፋል። እሱም ቢሆን ለአንድ ሜትር ሐዲድ ከባድ ነው። ለዚህም ነው ዋናው ሥራቸው ጠንካራ ሐዲድ በተነጠፈበት በሞምባሳና በናይሮቢ መካከል የነበረው።

ደካማ ጎንም አለው። ውሃውና ነዳጁ እያለቀ ሲሄድ በሚስቡት ጎማዎች ላይ ያለው ክብደት ይቀንሳል። ጎማው መንሸራተት ይጀምራል። ዳገቱ የሚበረታው ደግሞ ታንከሩ ሲጎድል ከሆነ ነጂው ላብ በላብ ይሆናል።

ሚኪ ካዛንቺስ

አሁን ገባኝ። እሳቱስ በምን ነው የሚነደው? በከሰል?

ቦይለር ሠሪ

በዘይት። ኬንያ የራሷ የድንጋይ ከሰል አልነበራትም። ጥቁሩ ከባድ ዘይት በመርከብ ሞምባሳ ይገባል፣ ባቡሩ እዚያው ይሞላል። ከጭስ ማውጫው በታች ያለውን የእንፋሎት መትፊያ ደግሞ በኋላ ቀየሩት። የኦስትሪያው መሐንዲስ የጊዝል ሥራ ነው። ጭስ ማውጫው ክብ መሆኑ ቀርቶ ጠፍጣፋና ሞላላ ሆነ። እሳቱ የተሻለ አየር ይስባል፣ ነዳጅ ይቆጥባል። ፎቶ ላይ ጠፍጣፋ ጭስ ማውጫ ካያችሁ እሱ ነው።

ሰው በአካፋ እየዛቀ የዚያን የሚያህል እሳት መመገብ አይችልም ነበር። ዘይት ባይኖር ይህ ባቡር በዚህ መጠን አይሠራም ብዬ አምናለሁ።

አዜብ ዘመርካቶ

ይቅርታ አድርጉልኝና ልቃወም። ማሽኑ ድንቅ ነው፣ አልክድም። ግን ሁሌም ስለ ብረቱ እናወራለን፣ ሐዲዱን በደሙ ስላነጠፈው ሰው ግን ዝም እንላለን።

ያ መንገድ በ1896 ከሞምባሳ ሲጀመር ሠራተኞቹ የመጡት ከሕንድ ነው። 31,983 ሰዎች። 2,493ቱ ሞቱ። ወባው፣ ተቅማጡ፣ አደጋው ፈጃቸው። የሐዲድ ሠራተኞችን ስለበሉት ሁለቱ የፃቮ አንበሶች ዓለም ሁሉ ያወራል። በበሽታ ስላለቁት በሺ የሚቆጠሩ ሰዎች ማን ያወራል? ናይሮቢ ራሷ በ1899 ሐዲዱ ሲደርስ የማሳይ ከብቶች ውሃ የሚጠጡበት ሜዳ ላይ የተተከለች የባቡር ካምፕ ናት። ወደ ምዕራብ ሲቀጥል ደግሞ ናንዲዎች ለዓመታት ተዋጉት። መሪያቸው ኮይታሌል አራፕ ሳሞይ በ1905 ለእርቅ ንግግር ተብሎ ተጠርቶ በእንግሊዝ መኮንን ተገደለ።

59 ክላስ በመጣበት ጊዜም ቢሆን ኬንያ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። ማው ማው በሚባለው የፀረ ቅኝ ግዛት ትግል ላይ ናት። በባቡር መሥሪያ ቤቱ ደሞዝ በዘር የተከፋፈለ ነው፤ ነጩ ከላይ፣ ሕንዱ መሀል፣ አፍሪካዊው ከታች። ይህን ሳንናገር "የሚገርም ባቡር" ማለት ለእኔ ይከብደኛል።

ሐዲድ ወዳጅ

አዜብ እህቴ፣ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ደግ አደረግሽ ስላነሳሽው። የሚቃረን ግን አይመስለኝም። እንዲያውም እኔ የምለውን ያጠናክራል።

የሞምባሳን የጥር 1947 አድማ አስቢ። የወደብና የባቡር ሠራተኞች ሥራ አቁመው ከተማዋን ቀጥ አደረጓት። ከዚያ የወጣው የአፍሪካ ሠራተኞች ፌዴሬሽን ነው። መሪው ቼጌ ኪባቺያ በዚያው ዓመት ታስሮ በግዞት ለዓመታት ቆየ። ባቡሩ ባይኖር ኖሮ ያን ያህል የተደራጀ ሠራተኛ በአንድ ቦታ አይሰበሰብም ነበር። ቅኝ ገዢው ለራሱ ጥቅም ያነጠፈው ሐዲድ ሠራተኛውን አገናኘው። ሠራተኛው ደግሞ ጉልበቱን አወቀ።

በኋላ በጋቢናው ውስጥ የተቀመጠው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ለድሬ ልጆች ልተወው። የባቡር ቤተሰብ ኑሮን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የድሬ ልጅ

ጠራኸኝ መጣሁ። አባቴ ድሬዳዋ ባቡር ወርክሾፕ ነበር የሚሠራው። የኬንያውን ታሪክ ሳነብ ብዙ ነገር የኛው ነው የሚመስለኝ።

እዚያ የነበረው አሠራር ይሄ ነው። ከባቡሩ ኋላ አንድ ማደሪያ ፉርጎ ይቀጠላል። ሁለት ቡድን አብሮ ይጓዛል። አንዱ ሲነዳ ሌላው ፉርጎው ውስጥ ይተኛል፣ ይበላል። ተራው ሲደርስ ይቀያየራሉ። ባቡሩ ሠራተኛ ለመቀየር ብሎ አይቆምም። ከጎናችሁ ከ250 ቶን በላይ የሆነ ብረት እያጓራ፣ ሐዲዱ እየነጠረ፣ እዚያ ውስጥ እንቅልፍ መተኛትን አስቡት።

ብዙዎቹ ነጂዎች የሲክ እምነት ተከታይ የሆኑ ሕንዶች ነበሩ። የሐዲድ ሠራተኞቹ ልጆችና የልጅ ልጆች። ባቡሩ ለተወሰኑ ነጂዎች ተመድቦ ስለሚሰጥ ሰው የራሱን ያህል ይንከባከበው ነበር። መዳቡን ይወለውላሉ፣ ናሱን ያብረቀርቃሉ፣ ፊቱን ያስጌጣሉ። ማኪንዱ የሚባለው ጣቢያ ላይ የባቡር ሠራተኛ ሲኮች በ1926 የሠሩት ቤተ መቅደስ አለ። ዛሬም በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ሳይባል፣ በነፃ ይበላል። የሞምባሳ መንገድ የሄደ ሐበሻ ያውቀዋል።

እሳት አንዳጆቹና የጋራዥ ሠራተኞቹ አብዛኞቹ አፍሪካውያን ነበሩ። ነፃነት እየቀረበ ሲመጣ፣ በኋላም ከመጣ ወዲህ፣ የነጂው ወንበርም የእነሱ ሆነ። አዜብ ያነሳችው የደሞዝ በደል የተነካው እንዲህ ቀስ እያለ ነው። በስጦታ የተሰጠ የለም።

ጋሽ በላይ ዘለገሃር

ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ ደስ የሚል ወሬ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። የ59 ወንድሞች የሆኑ 60 ክላስ የሚባሉ ነበሩ። 29 ናቸው። ሥራ የገቡት በ1953 እና በ1954 ነው። ቀለል ያሉ ስለሆኑ ደካማ ሐዲድ ባለበት ቅርንጫፍ መስመር ሁሉ ይሄዱ ነበር። የስም አወጣጣቸውን ተመልከቱ። 60ዎቹ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ) ገዢዎች የነበሩ እንግሊዞች ስም ተለጠፈባቸው። 59ኞቹ ግን በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ተሰየሙ። 5901 ኬንያ ተራራ ነው። 5902 ሩዌንዞሪ። 5903 ሜሩ። 5904 ኤልጎን። 5928 ኪሊማንጃሮ።

ጊዜው ሲቀየር የገዢዎቹ ስም ከባቡሮቹ ላይ ተነቀለ። የተራሮቹን ስም የነካው የለም። ማን ይነካዋል? ተራራው ከገዢውም በፊት ነበረ።

ሐዲድ ወዳጅ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ይህን ለመጻፍ አስቤ ነበር፣ እርስዎ በተሻለ ነገሩን።

ናይሮቢ ያለችው

እኔ ናይሮቢ ነው የምኖረው። እዚህ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ ላላችሁ ሐበሾች ልንገራችሁ፣ የባቡር ሙዚየሙ ከድሮው ጣቢያ አጠገብ ነው፣ ቅርብ ነው። ከ34ቱ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም እዚያ ናቸው። 5918 ጌላይ ተራራ እና 5930 ሼንጌና ተራራ። 5918 ጡረታ ከወጣ በኋላም እንደገና ተጠግኖ፣ እሳት ተለኩሶበት፣ ጎብኚ ይዞ ሮጧል። ቀለሙ ጥቁር ቀይ ነው፣ የበሰለ የቡና ፍሬ ቀይ በሉት።

ፎቶ አያሳየውም። ከጎኑ ስትቆሙ ጎማው ብቻ ደረታችሁ ድረስ ይመጣል። ከፊቱ እስከ ኋላው ለመሄድ በእግር ጊዜ ይፈጃል። ሐዲዱን ደግሞ ዝቅ ብላችሁ እዩት። ጠባብ ነው። ያ ሁሉ ነገር በዚያ ላይ ይሮጥ ነበር ብሎ ማመን ያቅታል።

አንድ ነገር ልብ ብላችኋል? ጌላይም ሼንጌናም ያሉት ታንዛኒያ ውስጥ ነው። ጌላይ ናትሮን ሐይቅ አጠገብ፣ ሼንጌና ደግሞ ፓሬ ተራሮች ላይ። ሁለቱም የታንዛኒያ ተራሮች ስም ይዘው ናይሮቢ ቀሩ።

አዜብ ዘመርካቶ

ይሄ በጣም የሚገርም ነው። እንዴት ሆነ?

ሐዲድ ወዳጅ

ባቡሮቹ የአንድ አገር አልነበሩም። በ1948 የኬንያና ኡጋንዳ ባቡር ከታንጋኒካ ባቡር ጋር ተዋሐደና ምሥራቅ አፍሪካ ባቡርና ወደቦች የሚባል አንድ ድርጅት ሆነ። ከነፃነት በኋላም ሦስቱ አገሮች በጋራ ያዙት። ናይሮቢ ላይ ዋና መሥሪያ ቤት፣ የጋራ ወርክሾፕ፣ የጋራ ባቡር። አስቡት፣ ሦስት ነፃ መንግሥታት በአንድ ባቡር!

አልዘለቀም። የኡጋንዳው ኢዲ አሚን ካምፓላ ላይ አለ፣ የታንዛኒያው መሪ ኔሬሬ ሊያናግረው አይፈልግም። ኬንያና ታንዛኒያ በኢኮኖሚ መንገድ ተለያዩ። ገንዘቡን ማን ይክፈል በሚለው ተጣሉ። በ1977 ሦስቱን አገሮች ያቀፈው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ፈረሰ። ታንዛኒያ ድንበሯን ዘጋች። እያንዳንዱ አገር እጁ ላይ ያገኘውን ባቡር ይዞ ቀረ። 59ኞቹ የሚሠሩት በሞምባሳ መንገድ ስለነበር ለኬንያ ደረሱ። ስማቸው የሦስቱንም አገር ተራሮች እንደያዘ።

ለእኔ የዚህ ክላስ ትልቁ ታሪክ ይህ ነው። የቅኝ ገዢውን መሄድ ችለውታል። የወንድማማቾቹን መለያየት ግን ብዙም አልቆዩበትም።

የድሬ ልጅ

እውነት ነው። ግን ለመጥፋታቸው ዋናው ምክንያት ፖለቲካ ነው ብዬ አላምንም። ናፍጣ ነው። በ1960 የእንግሊዝ የናፍጣ ባቡሮች ኬንያ ገቡ። በ1971 ደግሞ ከካናዳ መጡ። የእንፋሎት ባቡር ከመነሳቱ በፊት ለሰዓታት መሞቅ አለበት። ቦይለሩ መታጠብ ይፈልጋል። ውሃ በየመንገዱ ይፈልጋል፣ በሞምባሳና በቮይ መካከል ያለው የታሩ በረሃ ደግሞ ውሃ የለውም። ናፍጣው ቁልፍ ነው፣ ታስነሳለህ፣ ትሄዳለህ።

እኛም ጋ እንደዚያው ነው የሆነው። የጅቡቲው መስመር ናፍጣ ማስገባት የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ኬንያ ግዙፍ የእንፋሎት ባቡር በምታዝበት ሰዓት ማለት ነው። ለዚህ ነው እኛ ዘንድ እንዲህ ዓይነት ግዙፍ ያልታየው።

አስመራ ያደግኩት

ከድሬ ልጅ ጋር በናፍጣው እስማማለሁ። እኔ ግን ትንንሾቹንም አስታውሱ እላለሁ። ከምጽዋ አስመራ ያለው ሐዲድ ስፋቱ 95 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከኬንያውም ይጠባል። በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከባሕር ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ጣሊያኖች እዚያ ያመጡት ማሌ የሚባለውን ነው። የመጨረሻዎቹን አንሳልዶ የሠራቸው በ1938 ነው። ማሌ ላይ የኋላው ሞተር ከቦይለሩ ጋር ተጣብቋል፣ የፊተኛው ብቻ ነው የሚታጠፈው። እንፋሎቱም ሁለቴ ይሠራል፤ መጀመሪያ በኋላው ሲሊንደር፣ ከዚያ በፊተኛው።

ከጦርነቱ በኋላ በ1990ዎቹ መስመሩ ሲጠገን ከጡረታ የተጠሩት ሽማግሌዎች ናቸው ባቡሮቹን ያስነሱት። መጠኑ ከ59 ጋር አይወዳደርም። እልሁ ግን ይወዳደራል።

ቦይለር ሠሪ

አስመራ ያደግከው፣ ሰላም ላንተ። ማሌን በደንብ ነው ያስረዳኸው።

የድሬ ልጅ ስለ ናፍጣ ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዞቹ ከ59 የሚበልጥ 61 ክላስ የሚባል ንድፍ አውጥተው ነበር። በአንድ አክሰል ላይ 27 ቶን የሚያሳርፍ ግዙፍ ነገር። ወረቀት ላይ ቀረ። ቤየር ፒኮክ ራሱ በ1966 ተዘጋ። 59ኞቹ ታዲያ ፋብሪካቸው ከሞተ በኋላ 14 ዓመት ያህል ሠርተዋል። መለዋወጫ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ። ናይሮቢ ወርክሾፕ ውስጥ ቀልጦ፣ ተቀርጾ፣ ተበይዶ ነው የቆየው። ብረት የቀጠቀጠ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ለነዚያ ሠራተኞች ትልቅ ክብር አለኝ።

አዜብ ዘመርካቶ

እሺ፣ ይሄኛውን ወድጄዋለሁ። ሙዚየሙ ውስጥ ስለ ሠራተኞቹ የተጻፈ ነገር ቢኖር ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር። ናይሮቢ ያለሽው እህቴ፣ አለ ወይ?

ናይሮቢ ያለችው

ከነበረው ትዝ የሚለኝ ድሮ የተነሱ የሠራተኞች ፎቶዎች ናቸው፣ ፋኖሶች፣ የደወል ዕቃዎች፣ የምግብ ሳህኖች። የፃቮ ዘመን ዕቃም አለ። ብዙው ቦታ ግን የማሽኑ ነው። ሙዚየሙ ከ1971 ጀምሮ ያለ ነው። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ባቡሮቹ የቆሙበት ግቢ ፀሐዩ ይከብዳል። ከ2017 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የሞምባሳ ባቡር የሚነሳው ከሌላ ጣቢያ፣ ከከተማው ራቅ ካለው ከሲዮኪማው ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቀን ለማየት ካሰባችሁ መጀመሪያ ሙዚየሙን ጨርሱ። ጋቢናው ላይ መውጣት የምትፈልጉ ደግሞ በሩ ላይ ያለውን ሰው ጠይቁ፣ ለእኔ ፈቅዶልኛል።